ዳዲ ሎንግ ሌግስን ደግማችሁ ልታነቡ ከሆነ እንዲህ አድርጉት

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ይሄ ፅሁፍ ዳዲ ሎንግ ሌግስ የሚባለውን የጂን ዌብስተር ልብወለድ አንዴ አንብበው ለጨረሱ ሰዎች ነው። ጭራሽ ያላነበባችሁት ከሆናችሁ እዚሁ ጋ አቁሙና ሄዳችሁ አንብቡት፣ ምክንያቱም ከታች መጨረሻውን ምንም ሳልደብቅ ነው የማወራው፣ የመፅሃፉ ጣዕም ግማሹ ደሞ መጨረሻውን ባለማወቅ ላይ ነው። አጭር ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ውስጥ ያልቃል፣ እንግሊዝኛውም የተማሪ ልጅ እንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም።

አንብባችሁት ለረሳችሁት ደግሞ ባጭሩ። ጄሩሻ አቦት የምትባል ልጅ ጆን ግሪየር ሆም በሚባል የህፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ታድጋለች። ስሟን ራሱ ያወጣችላት የማሳደጊያው ሃላፊ ሚስስ ሊፔት ናት፣ አቦትን ከስልክ ማውጫ የመጀመሪያ ገፅ፣ ጄሩሻን ከመቃብር ድንጋይ ላይ ለቅማ። ከማሳደጊያው የቦርድ አባላት አንዱ የፃፈችውን ድርሰት ይወድላትና ኮሌጅ ሊያስተምራት ይወስናል፣ ግን ማንነቱ እንዳይታወቅ ይፈልጋል፣ እሷ በወር አንዴ ደብዳቤ ትፅፍለታለች እሱ ግን መቼም አይመልስም። እሷ ያየችው የመኪና መብራት ግድግዳ ላይ የጣለውን የእግሩን ረጅም ጥላ ብቻ ነው፣ ዳዲ ሎንግ ሌግስ (አባባ ረጅም እግር እንደማለት) የሚለው ቅፅል ስሙም የመጣው ከዛ ነው። ከዛ በኋላ አራት አመት ሙሉ ደብዳቤ በደብዳቤ ነው፣ የሷ ብቻ። መጨረሻ ላይ ሰውየው ማን ሆኖ ተገኘ፣ የዶርም ጓደኛዋ የጁልያ አጎት፣ ስታፈቅረው የከረመችው ጀርቪስ ፔንድልተን።

እና ነገሩ ወዲህ ነው። በመጀመሪያው ንባብ ከጁዲ ጋር ናችሁ (ጄሩሻ የሚለውን ስም ኮሌጅ ስትገባ ጥላ ጁዲ ሆናለች)፣ እሷ የማታውቀውን እናንተም አታውቁም። በሁለተኛው ግን ወንበር ቀይሩና ደብዳቤው ከሚደርሰው ሰውዬ ጎን ተቀመጡ። እያንዳንዱን ደብዳቤ ስትጨርሱ ገፁን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ቆም በሉና ጀርቪስ ይሄን ሲያነብ ምን አለ፣ ሳቀ፣ ደነገጠ፣ አፈረ፣ ብላችሁ ጠይቁ። በቃ ዋናው ዘዴ ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይሄን የሚያግዝ ነው። መፅሃፉ የሱን መልስ አንድም ቦታ አያሳያችሁም፣ ግን የሷ ቀጣይ ደብዳቤ ውስጥ የሱ እጅ አሻራ ሁሌ አለ፣ ፈልጋችሁ ማግኘት ነው።

መፅሃፉ የታተመው በፈረንጆቹ 1912 ስለሆነ አሜሪካ ውስጥ የኮፒራይት ጊዜው አልፏል፣ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነፃ ይወርዳል፣ ሊብሪቮክስ ላይ ደግሞ በድምፅ አለ። አንድ ነገር ብቻ፣ ፅሁፍ ብቻ የሆነውን ፋይል እንዳታወርዱ፣ ስእል ያለውን ፈልጉ። ስእሎቹን የሳለችው ራሷ ደራሲዋ ጂን ዌብስተር ናት፣ ጁዲ ደብዳቤዋ ላይ የጫጫረቻቸው ተደርገው ነው የገቡት፣ እና አንዳንዱ ቀልድ ያለ ስእሉ አይገባም። ስልክ ላይ ማንበብ ይቻላል፣ ለድጋሚ ንባብ ግን ቢቻል የታተመውን ያዙና እርሳስ አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ምክንያቱም ምልክት እያደረጋችሁ ነው የምትሄዱት።

እርሳሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለአጠራሯና ለፊርማዋ ነው። ሁለቱን ብቻ እየተከተላችሁ መፅሃፉን ከዳር ዳር ብታገላብጡት የግንኙነታቸው ሙቀትና ቅዝቃዜ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ደስ ሲላት ዳዲ ነው፣ ውድ ዳዲ፣ ፊርማው ጁዲ። ስትቀየም ግን ድንገት "ሚስተር ጆን ስሚዝ" ይሆናል፣ ጌታዬ ይጨመርበታል፣ ከስር ደግሞ ሙሉ ስሟ ጄሩሻ አቦት ተብሎ ይሰፍራል። እኛ ጋ የተቀየመ ሰው አንተ ሲለው የኖረውን ጓደኛውን ባንዴ እርስዎ ብሎ እንደሚያርቀው አይነት ነው። ጆን ስሚዝ ደሞ ሰውየው ራሱ እንድትጠቀመው የሰጣት የውሸት ስም ነው፣ ስለዚህ በዛ ስም በጠራችው ቁጥር በራሱ መጋረጃ እየመታችው ነው፣ ያን ጀርቪስ ሆናችሁ ስታነቡት ያማል።

የመጀመሪያው አመት ላይ አትቸኩሉ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ፍቅሩ ጋ ለመድረስ ነው፣ እኔ ግን የመፅሃፉ ምርጥ ክፍል እሱ አመት ነው ባይ ነኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ሰአሊው ማይክል አንጀሎ ሲወራ መልአክ መስሏት ተማሪው ሁሉ ይስቅባታል። ሲንደሬላን አታውቅም፣ ሮቢንሰን ክሩሶን አላነበበችም፣ ሞና ሊዛን በስእል እንኳን አይታ አታውቅም፣ ሼርሎክ ሆምዝ የሚባል ስም ሰምታ አታውቅም፣ ጆርጅ ኤልየት የሚባለው ደራሲ ሴት መሆኗን አታውቅም። ሌሎቹ ሴት ልጆች ከቤታቸው ይዘውት የመጡት እውቀት ነው፣ ማንም ቁጭ አድርጎ ያስተማራቸው አይደለም፣ እና እሷ ማታ ማታ በር ዘግታ ተራ በተራ እያነበበች ልትደርስባቸው ትሞክራለች። ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽ ሆኖ ገብቶ ዶርም ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ቀልድ ብቻውን ያልገባው ሰው ይሄን ክፍል ማብራሪያ ሳያስፈልገው ያነበዋል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ሞክሩ፣ አነበብኩ ያለቻቸውን መፅሃፎች ከኋላ ገፅ ላይ እየፃፋችሁ ሂዱ። ቢያንስ አንዱን ጄን ኤርን ጎን ለጎን አንብቡት፣ ምክንያቱም ጁዲ ስለሱ የፃፈችው ደብዳቤ አለ፣ ጄን በበጎ አድራጎት ትምህርት ቤቱ የደረሰባትን ስታነብ በንዴት ተነስታ ወጥታ በእግሯ መሄድ ነበረባት፣ ሚስስ ሊፔትን የሚያውቅ ሰው ሚስተር ብሮክልኸርስትን (የጄንን ትምህርት ቤት ሃላፊ) ያውቀዋል አይነት ነገር ትላለች። ያን ደብዳቤ ጄን ኤርን ሳታውቁ ማንበብና አውቃችሁ ማንበብ ለየቅል ነው።

አሁን አንድ ቦታ ቀረብ ብለን እንይ። በመጀመሪያው አመት መጋቢት ውስጥ ጁዲ ታኮርፋለች፣ አንድም ጥያቄዬን መልሰህ አታውቅም፣ ደብዳቤዎቼን ሳታነብ ቅርጫት ውስጥ እንደምትጥላቸው አልጠራጠርም፣ ከእንግዲህ ስለ ትምህርቴ ብቻ ነው የምፅፍልህ ትለዋለች። ከዛ ቶንሲልና ኢንፍሉዌንዛ አንድ ላይ ይዘዋት ኮሌጁ ክሊኒክ ትተኛለች። የሚቀጥለው ደብዳቤ ሲመጣ አንድ ሳጥን የፅጌረዳ እምቡጥ ደርሷታል፣ ከአበባው ጋር ካርድ አለ፣ ካርዱ ላይ ወደ ኋላ የተንጋደደ አስቂኝ የእጅ ፅሁፍ፣ እሷም ተኝታ አለቀሰች፣ ከደስታ ብዛት። በመጀመሪያው ንባብ አንጀት ይበላል ብላችሁ አለፋችሁ። አሁን እንደገና አስቡት፣ ሰውየው አልመልስም ብሎ ራሱ ያወጣውን ህግ የሰበረው እዚህ ጋ ነው፣ ያን ያሰበረው ደሞ የሷ ምስጋና አልነበረም ቁጣዋ ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ደብዳቤዎቹን እንደ ሪፖርት እንደማያነባቸው ይታወቃል። እዚህ ገፅ ላይ ትልቅ ምልክት አድርጉ።

ከዛ ሻይ ያለበት ደብዳቤ ይመጣል። ጀርቪስ የወንድሙን ልጅ ጁልያን ልጠይቅ ብሎ ኮሌጅ ይመጣል፣ ጁልያና ሌላዋ የጁዲ ጓደኛ ሳሊ ክፍል አለባቸው፣ ጁዲ ግቢውን እንድታስጎበኘው ትለመናለች። እሷ መጀመሪያ ፔንድልተኖችን ስለማትወድ ደስ አላላትም፣ ከዛ ሰውየው ጥሩ ሆኖ ተገኘና ከግቢ ወጥተው ሻይና ኬክና አይስክሬም በሉ፣ የወሩ መጨረሻ ስለነበር ተማሪው ሁሉ ኪሱ ባዶ ነው፣ ቤቱም ጭር ብሎ ነበር። ባቡር ሊያመልጠው ሲል እየሮጠ ሄደ፣ ጁልያ አጎቷን በቅጡ ሳታገኘው በመቅረቷ በገነች። ሰኞ ደሞ ለሶስቱም ቸኮሌት ላከ። ይሄን ሁሉ ጁዲ ለማን ነው የምትነግረው፣ ለራሱ! ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ፊቱ መስመር በመስመር ነው፣ ሙሉ በሙሉ የማይወጣ የከንፈር ዳር ፈገግታ አለው እያለች ሰውየውን ለሰውየው ትስለዋለች። ከዛ አንድ ቀን አንተም መጥተህ ሻይ ብንጠጣና እንደምወድህ ባይ ትላለች፣ ባልወድህስ ግን ብላ ደሞ ትሰጋለች። መጀመሪያ ስታነቡ አንድ መስመር ነበር፣ አሁን ሳትስቁ አታልፉትም። ጀርቪስ ያለባቸውን ደብዳቤዎች በሙሉ እንዲህ ነው ማንበብ፣ ይሄን የሚያነበው ማን እንደሆነ እያስታወሳችሁ።

በነገራችን ላይ ፍንጮቹ የተደበቁ አይደሉም፣ ሲያነቡት ሞኝ የሆንን ይመስለን እንጂ ዌብስተር ፊት ለፊት ነው ያስቀመጠቻቸው። የመጀመሪያው አመት ክረምት ላይ ኮኔቲከት ውስጥ ሎክ ዊሎው ወደሚባል እርሻ ሲልካት እርሻው ድሮ የጀርቪስ እንደነበረና ለቀድሞ ሞግዚቱ ለሚስስ ሴምፕል እንደሰጣት ታገኛለች፣ ያንተ ፀሃፊ ስለዚህ ቦታ እንዴት አወቀ ብላ በቀጥታ ትጠይቃለች። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ይቀራል፣ አንባቢውም ይረሳዋል።

የሰውየው ፀሃፊ፣ ማለት ደብዳቤ የሚፅፍለት ሰራተኛው። እሱ ጋ ስትደርሱ እርሳሱን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ምክንያቱም መፅሃፉ ለዛሬ አንባቢ የሚጎረብጠው እዚህ ጋ ነው። ሰውየው በራሱ አይፅፍም ብለናል፣ ግን ትእዛዝ ያዛል፣ በታይፕ፣ በፀሃፊው ስም፣ ምክንያት የለውም። በሁለተኛው ክረምት ሳሊ ቤተሰቦቿ ጋ ካምፕ እንድትመጣ ትጋብዛታለች፣ ጁዲ በደስታ ልትፈነዳ ነው፣ ከዛ ፀሃፊው አይሆንም ሎክ ዊሎው ሂጂ ይላል። በመጀመሪያ ንባብ የሃብታም ሽማግሌ ግትርነት ይመስላል። በሁለተኛው ምክንያቱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ካምፑ ላይ የሳሊ ወንድም ጂሚ አለ፣ እና እሷን ከጂሚ አርቆ ራሱ ጀርቪስ ሎክ ዊሎው ብቅ ይላል። ቅናት ነው በቃ። የሚከፍልላት ሰው ሆኖ፣ ማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ደብዳቤዋን እያነበበ ከማን ጋር እንደምትውል ይወስናል። ኧረ ጥሩ ሰው ነው ምናምን ብላችሁ አታለሳልሱት፣ ልክ አይደለም። በዛው ልክ ግን መፅሃፉን ወርውራችሁ አትተዉት፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚሆነው ነገር አለ።

ቀጥሎ የሚሆነው ጁዲ እምቢ ማለት መጀመሯ ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ክረምት ጀምሮ ህዳጉ ላይ "እምቢ" እያላችሁ ፃፉ። ስኮላርሺፕ ታገኛለች፣ ሰውየው እንዳትቀበይ ይላል፣ እምቢ ብላ ትቀበላለች። አውሮፓ ለክረምት ልላክሽ ይላል፣ እምቢ ትልና ልጆች ለማስጠናት ትቀጠራለች። ጀርቪስ በራሱ ስም መጥቶ ሞኝ ነሽ ግትር ነሽ ብሎ ይቆጣታል፣ አሁንም እምቢ። አሁን ሁለቱንም ሰዎች እምቢ እያለች ነው፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሳታውቅ። መጀመሪያ የታዘዘችው ልጅና መጨረሻ ላይ የምታገባው ሴት መሃል ያለው መንገድ እነዚህ እምቢታዎች ናቸው፣ ከዛ ደሞ መፅሃፏ ሲሸጥ የ1000 ዶላር ቼክ ትልክለታለች፣ ካወጣብኝ ገንዘብ ላይ ይቀነስልኝ ብላ።

የገንዘቡ ነገር ለኛ አንባቢ ሌላ ክብደት አለው። ከመጀመሪያው ቀን በወር 35 ዶላር የኪስ ገንዘብ ይሰጣታል፣ ከሌሎቹ ተማሪዎች እኩል እንድትሆን። እሷ ግን ከማሳደጊያው ጀምሮ የሰው እጅ እያየች ነው ያደገችው፣ የበጎ አድራጎት ልብስ ለብሳ የልብሱ ባለቤት ልጅ ክፍል ውስጥ አይታት ምን ትላለች እያለች የተሳቀቀች ልጅ ናት፣ ስለዚህ ስጦታ ሲበዛባት ይከብዳታል፣ ውለታ የሚባለውን ነገር ታውቀዋለች። ሃገራችን ውስጥ ደሞ በስፖንሰር የተማሩ ብዙ ልጆች አሉ፣ አይተውት ለማያውቁት ውጭ ሃገር ላለ ሰው ደብዳቤ ሲፅፉ ያደጉ፣ ደህና ነኝ፣ እናመሰግናለን፣ ትምህርቴን ጎብዣለሁ፣ ከስር አበባ ተስሎበት። ከነሱ አንዱ ከሆናችሁ የጁዲን የመጀመሪያ ደብዳቤዎች በተለየ ጆሮ ነው የምትሰሟቸው። የተባለችው የምስጋና ደብዳቤ ፃፊ ነው፣ እሷ ግን ራሰ በራ ነህ ወይስ ትንሽ ፀጉር አለህ ብላ ትጠይቀዋለች። የምስጋና ደብዳቤ ላይ እንደዛ መጠየቅ የሚያስፈልገውን ድፍረት የፃፈው ያውቀዋል። እንደዚህ ያሉ ቦታዎችን ምልክት አድርጉ፣ ምስጋናው የት ጋ ወግ እንደሚሆን ታያላችሁ።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ አንድ የኮሌጅ አመት በአንድ መቀመጫ ብታነቡ ጥሩ ነው፣ አራት መቀመጫ ማለት ነው። መግቢያዋን ብሉ ዌንዝዴይን ለብቻዋ አንብቧት፣ መፅሃፉ ውስጥ በሌላ ሰው አንደበት የተተረከችው እሷ ብቻ ናት፣ 97 ህፃናት ሲታጠቡ ሲበጠሩ የምታዩበት ቀን፣ ከዛ በኋላ ድምፁ ሁሉ የጁዲ ይሆናል። የደብዳቤዎቹን ቀን አትዝለሉ። አንዳንዱ ደብዳቤ ለቀናት እየተቋረጠ ይፃፋል፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይጎተታል፣ አንዳንዴ ደሞ ለሳምንታት ዝም ይባላል። ዝምታውም ወሬ ነው።

ስለ ደራሲዋ ትንሽ ብታውቁ ይጠቅማል፣ ብዙ ግን አያስፈልግም። ቫሳር የሚባለው ያኔ የሴቶች ብቻ የነበረ ኮሌጅ ገብታ በ1901 ጨረሰች፣ የመፅሃፉ ኮሌጅ ስሙ ባይጠራም የቫሳር ሽታ አለው። የማርክ ትዌይን የእህት ዘር ናት፣ እናቷ የሱ የእህት ልጅ ነበረች። ኢኮኖሚክስ ስትማር ለትምህርቱ ብላ የድሃ ልጆች ማሳደጊያዎችን ትጎበኝ ነበር፣ ጆን ግሪየር ሆም ከዛ ነው የመጣው ቢባል አያስገርምም። የምታፈቅረው ሰው ባለትዳር ስለነበር ፍቅራቸው ለአመታት ተደብቆ ከርሞ በ1915 ነው የተጋቡት፣ ልጇን በወለደች ማግስት በ1916 ሰኔ ውስጥ ሞተች፣ 39 አመቷ ነበር። ጁዲ አንድ ደብዳቤ ላይ ሴቶች ዜጋ ናቸው እንዴ ብላ የምትቀልድበት ቦታ አለ፣ አሜሪካ ውስጥ የሴቶች የመምረጥ መብት በህገ መንግስት ማሻሻያ የፀደቀው በ1920 ነው፣ ዌብስተር አላየችውም። ያን ቀልድ ስታነቡ ይሄን አስታውሱ።

አረብ ሃገር ያደጋችሁ ደሞ ታሪኩን የምታውቁት ከካርቱኑ ሊሆን ይችላል፣ በ1990 ጃፓኖች የሰሩት 40 ክፍል ያለው፣ በአረብኛ ባለ ረጅሙ ጥላ ሰውዬ ተብሎ የተተረጎመው። እሱ ላይ ጁዲ ልጅ ናት፣ ታሪኩም ብዙ ተጨምሮበታል፣ ስለዚህ ትዝ የሚላችሁ ነገር መፅሃፉ ውስጥ ከጠፋባችሁ አትደናገሩ።

መጨረሻው ጋ ስትደርሱ ኦክቶበር 3 የሚል ቀን ያለበትን ደብዳቤ ሁለቴ አንብቡት። ጀርቪስ አግቢኝ ብሏት እምቢ ብላዋለች፣ ከማሳደጊያ መምጣቷን አልነገረችውም፣ ቤተሰቡ ትልቅ ቤተሰብ ነው፣ ልትነግረው አፈረች፣ እሱ ደሞ ጂሚን መርጣ መስሎት ሄደ። ይሄን ሁሉ ምን ልስራ ብላ ለዳዲ ትፅፋለች። አስቡት እንግዲህ፣ ጀርቪስ ታሞ ተኝቷል፣ ካናዳ አደን ሄዶ በማእበል ተመቶ የሳምባ ምች ይዞት፣ እና ለምን እምቢ እንደተባለ የሚያውቀው በዳዲ ስም በመጣለት ደብዳቤ ነው። አራት አመት የሰራው የተደበቀ ነገር በዛች ቅፅበት ለሱም ለሷም ነው የጠቀመው፣ ባይደበቅ ኖሮ ይሄን ባላወቀ። በመጀመሪያ ንባብ ልባችሁ የሚመታው የመጨረሻው ደብዳቤ ላይ ነው፣ በሁለተኛው እዚህ ጋ ነው።

ከዛ ዲር ኤነሚን ልቀጥል ካላችሁ፣ በ1915 የወጣው ተከታዩ ነው፣ ሳሊ ጆን ግሪየር ሆምን ለማስተዳደር ትሄዳለች፣ ደብዳቤዎቿን በብዛት የምትፅፈው ለጁዲ ነው። አሁን መልሷን የማናየው ሰው ጁዲ ሆናለች፣ የተማራችሁት ዘዴ እንዳለ ይሰራል። ግን ጠንቀቅ በሉ፣ በዛ ዘመን ሳይንስ ይባል የነበረው የዘር ማጥራት ሃሳብ በየቦታው አለበት፣ አእምሮው ደካማ የሆነ ቤተሰብ ዘሩ እንዳይቀጥል ምናምን የሚል ወሬ፣ ሳሊም ዶክተሩም በቅን ልቦና ነው የሚያወሩት፣ ያ ነው የሚያስፈራው። ለልጅ ስጡ ከተባለ የመጀመሪያውን ስጡ፣ ይሄኛውን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እያወራችሁበት አንብቡት።